ባለቤቴ አሶሳ የተከላቸው ማንጎዎች

በሚያዝያ ወር ልጄን ለእናቴ ትቼ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተነሣሁት የባለቤቴን መቃብር ለማየትና የኖረበትን የመንግሥት ቤት ለማስረከብ ነበር። ተስፋዬ የእርሻ ባለሙያ ነበር። አዲሱ ክልል ሲቋቋም አሶሳ ተመደበ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ነይ፣ አገሩን ትወጂዋለሽ» እያለ ጻፈልኝ፤ እኔም «አንተ ና» እያልኩ መለስኩለት። በወባ ሞቶ እዚያው ሲቀበር አልደረስኩም። ይኸው ዓመት ሞላው።

ሁለተኛው ቀን፣ ባምባሲ

ነቀምቴ አድረን ከመንዲ በኋላ መንገዱ ቀይ አቧራ ብቻ ሆነ። ባምባሲ ስንቆም አንዲት ሴት «አከም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለችኝ በመስኮት ማንጎ አቀበለችኝ፤ አምስቱ በአንድ ብር። አንዱን ልጬ ቀመስኩት። ተስፋዬ በየደብዳቤው የሚያወራው ጣዕም ይህ ነበር። ሁለተኛ መጉረስ አቃተኝ።

አሶሳ

የግቢውን በር የከፈተልኝ ጎረቤቱ ሐሚድ የሚባል የበርታ ብሔረሰብ ገበሬ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በቀርከሃ አጥር ውስጥ፣ ተስፋዬ የተከላቸው የማንጎ ችግኞች ለምልመው ቆመዋል።

«ማን አጠጣቸው?» አልኩት።

«እኔ ነው። ተስፋዬ ወንድም ነው።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ለጋ ቅጠሎቹ ሁሉ ጠውልገው አየሁና ባልዲ ይዤ ሮጥኩ።

«ኡኽቲ፣ ተው!» አለኝ ሐሚድ፤ እህቴ ማለቱ ነው። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ እንደ ወንድ ነው የሚጠራኝ። «አሁን ውሃ አይደለም።»

«እየሞቱ እኮ ነው!»

«አልሞተም። ፀሐይ በዛበት፣ አንገት ደፋ። ማታ ይነሣል።»

ሲመሽ እውነትም ቀና አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ «ተነሺ፣ በርቺ» ሲለኝ ነበር። ትንሽ አንገቴን ደፍቼ እንድቆይ የፈቀደልኝ አልነበረም።

ሁለት ቀን ልቆይ ሄጄ አሥር ቀን ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት አፈር እኮተኩታለሁ፤ ምስጥ እንዳይበላቸው ግንዳቸው ሥር አመድ እነሰንሳለሁ። የሐሚድ ሚስት ዘይነብ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ታመጣልኛለች፤ አብረን እንበላለን። ስሸሸው ቆይቼ በዘጠነኛው ቀን መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። «መምጣት ነበረብኝ» አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ።

በመጨረሻው ቀን አንድ ችግኝ ልወስድ ጠየቅሁ። ሐሚድ ራሱን ነቀነቀ። «ደጋ ብርድ ነው። ቅጠል ይሆናል፣ ፍሬ የለም።»

ያኔ የተስፋዬ ደብዳቤዎች ታወሱኝ። አዲስ አበባ ሳለ ዝምተኛ የነበረው ሰው ከአሶሳ ሲጽፍ ገጽ አይበቃውም ነበር። ትቶኝ የሄደ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እዚህ ነበር ያፈራው። ቁልፉን ለተተኪው ሠራተኛ፣ ችግኞቹን ለሐሚድ ትቼ ተመለስኩ።

ቤቴ

የሰባት ዓመቷ ልጄ በር ላይ ተጠመጠመችብኝ። እንዳላለቅስባት ብላ ስለ አባቷ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

«አባትሽ የኖረበትን አገር ልንገርሽ?» አልኳት።

ፊቴን ትኩር ብላ አየችና፣ «ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ግን እነግርሻለሁ።»