ሦስት አንቲቫይረስ የተጫነበት ኮምፒውተር

ነገሩ የሆነው ካቻምና ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ትልቅ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ የሞተ ሰው የለም፣ የተሰረቀም ነገር የለም። ግን የሆነ ቢሮ ሄጄ "ሲስተም የለም" ሲሉኝ ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ ሰውነቴ ሁሉ ዝል ይላል።

እኔ ፍኖተ ሰላም የምኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን በየወረዳው ያሉ የገበሬ ማኅበራትን ይደግፋል፤ የነሱ ኮምፒውተር ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ። ዓመት ከዓመት የምሰማው አንድ ቃል ነው፤ ቫይረስ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ቫይረስ ነው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ሲደፋ ቫይረስ ነው። አንዴ ቫይረስ ገባ ተብዬ ደምበጫ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ከግድግዳው የተነቀለ ሶኬት ነው። ሰክቼ ተመለስኩ።

ያን ዕለት የተደወለልኝ ከሽንዲ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ ነው። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ሽባባው ይባላል፤ በሥራ ስለምንተዋወቅ አንተ፣ አንቺ ነው የምንባባለው። "እባክሽ ድረሽልኝ፣ ቫይረስ ገብቶ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ይጠፋል። ገበሬው ደጅ ላይ ነው፣ ሊበላኝ ነው" አለኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ ሽንዲ በሌላ መኪና፣ ከሽንዲ ወዲያ በሞተር ሳይክል፣ በጭቃ። ስደርስ ወገቤ ተቆርጧል፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኗል።

ግቢው ሰው በሰው ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ጠግቧል፤ በቆሎ የሚዘራበት ሰሞን ነው። ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ከደጅ ይታያል። ገበሬው ከፍሏል፣ የሚገባው መጠን የተጻፈበት ደረሰኝም በእጁ ይዟል። ግን ከኮምፒውተር የታተመ ኩፖን ያልያዘ ሰው አንዲት ከረጢት አያነሳም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይኸው ተበላሽቷል።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ያወቅኋቸው እዚያው በር ላይ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሬ የሌላቸው እናት ናቸው። ወረፋቸው ወደ ኋላ ቢሆንም አላስቻላቸውም፤ የቢሮውን መቃን ተደግፈው ቆመዋል።

"ልጄ፣ የነገው ቀን የኔ ነው" አሉኝ። ጎረቤቶቻቸው በደቦ በሬ ጠምደው ሊዘሩላቸው የተስማሙት ለነገ ነው። "ነገ ካለፈ በሬው ወደየባለቤቱ ማሳ ይሄዳል። ለኔ ሌላ ቀን ከየት ይመጣል? ያለ ማዳበሪያ ባዘራው ደግሞ አገዳ ነው የማቅፈው።"

"እሞክራለሁ እናቴ" አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ሽባባውን ጠጋ ብዬ፣ "ለዛሬ እንኳ በእጅ ጽፈህ ብትሰጣቸውስ?" አልኩት።

"ከሲስተም ውጭ? አላበድኩም! አንዱ ጓደኛችን በእጅ ጽፎ ሰጥቶ እስካሁን ኦዲተር ፊት ይመላለሳል። ልጆቼን አንቺ ታሳድጊልኛለሽ?"

ማሽኑን ፈታሁት። ክዳኑን ሳነሳ አይጥ ቤቷን ሠርታበታለች! የከረጢት ክር፣ ገለባ፣ የተቦጫጨቀ ወረቀት። ማቀዝቀዣው ፋን በክር ተተብትቦ አይዞርም። ፋኑ ካልዞረ ማሽኑ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። በቃ፣ በሽታው ይኸው ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ "እና ቫይረስ ቫይረስ የምትሉት ይኸን ነው? እኛ ቤትስ ሞልቶ የለም እንዴ! ድመት አታመጡም ነበር?" አሉ። ደጅ ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሽባባው አልሳቀም።

ጎጆውን አውጥቼ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ፣ መልሼ ገጠምኩት። በራ፤ አልጠፋም። ሰውም እፎይ አለ፣ እኔም እፎይ አልኩ። ግን አሁን ደግሞ አልንቀሳቀስ አለ። አንድ ነገር ከፍቼ እስኪመጣ ድረስ ውሃ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። ምን ነክቶት ነው ብዬ ስፈትሽ ሦስት አንቲቫይረስ ተጭኖበታል። አንዱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አንዱን ቡሬ ያለ ሙዚቃ ቤት በፍላሽ የጫነለት ነው። ሦስተኛው ከየት እንደመጣ ሽባባው ራሱ አያውቅም።

"ሦስት ምን ያደርግልሃል?"

"አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል ብዬ ነዋ! መጋዘኑንስ የሚጠብቁት ሦስት ዘበኞች አይደሉም?"

"ዘበኞችህ እርስ በርስ ሌባ ነህ፣ ሌባ ነህ እየተባባሉ ቢተናነቁ መጋዘኑን ማን ይጠብቃል?" አልኩት። ይኸን ትምህርት ስንት ቢሮ እንደሰጠሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ጥፋት እያየ ይያያዛሉ፤ የማሽኑ ጉልበት እዚያው ያልቃል። አቅሙ ትንሽ ለሆነ፣ ኢንተርኔት ለማያገኝ ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ይበቃል፤ ማደሻውን አልፎ አልፎ ከታመነ ቦታ በፍላሽ ማምጣት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘፈን ሲጫንበት የዋለ ፍላሽ አምጥቶ አለመሰካት። ሽባባው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ሁሉም እየነቀነቁ ነው የሚሰሙኝ።

አንዱን አጠፋሁ። ሁለተኛውን ማጥፋት ጀመርኩ፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ድርግም አለ።

 ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልናገርና ማልቀስ አማረኝ። ለራሴ ይሁን ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ አላውቅም። እሳቸው ሰማዩን ያያሉ፣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች።

ወረፋ ከያዙት ውስጥ ቄስ ይበልጣል የሚባሉ የቀበሌው ቄስ ነበሩ። "ቤተ ክርስቲያናችን ጀነሬተር አለው፣ ለድምፅ ማጉያው የገዛነው። ቤንዚን ጥቂት አትጠፋውም። ይኸን ዕቃ ወደዚያ ብንወስደውሳ?" አሉ።

"ኧረ አባቴ፣ የመንግሥት ንብረት ከቢሮ አይወጣም! የመውጫ ፈቃድ..." ሽባባው ይኸን ሲል ወረፋ ላይ የነበሩ ጎረምሶች ሞኒተሩን አንስተው በር አልፈዋል። አንዱ ማሽኑን፣ አንዱ ፕሪንተሩን። ካፊያ ስለነበር ላስቲክ አለበስነው። ቄስ ይበልጣል የራሳቸውን ጃንጥላ ዘርግተው ከጎን ከጎን ይሄዳሉ፣ ገበሬው ከኋላ ይከተላል። "ምነው፣ ሙሽራ ነው የሚሸኙት?" አለች አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ ብቅ ብላ። ሽባባው ማኅተሙን በኪሱ ይዞ በመጨረሻ ይመጣል።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደርነው። ጀነሬተሩ ተንደቅድቆ ተነሳ፣ ኮምፒውተሩም በራ። በዚህ መሐል ያ ሞቶ ያልሞተው አንቲቫይረስ ነቅቶ ማሽኑን በሙሉ ልፈትሽ ብሎ አይጀምርልኝም! ቤንዚኑ እያለቀ እሱ ቫይረስ ይፈልጋል። አስቆምኩት፣ ነቅዬ ጣልኩት፣ ሦስተኛውንም አስከተልኩት። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ብቻ ቀረ።

የመጀመሪያው ኩፖን ሲወጣ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሰዉ እየተቀበለ ወደ መጋዘን ይሮጣል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተራቸው ደርሶ ከፊቴ ቆሙ። ስማቸውን ጻፍኩ፣ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሳበ፣ ጀነሬተሩ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ።

ቄስ ይበልጣል ታንከሩን ከፍተው አዩ። ባዶ ነው። ቅርብ የሚባለው ቤንዚን ያለው ሽንዲ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

"አለቀ?" አሉኝ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። አልጮሁም፣ ማንንም አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ጎትቼ አወጣሁት። ስማቸውና ቀበሌያቸው ታትሟል፣ ከዚያ በታች ባዶ ነው። የማደርገው ቢጠፋኝ ለሽባባው ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። ከዚያ "ደረሰኝዎን ይስጡኝ" አለና ከደረት ኪሱ ብዕር አወጣ። የቀረውን ከደረሰኙ ላይ እያየ በእጁ ጻፈ። ፈረመ። ማኅተሙን በትንፋሹ አርጥቦ ዱብ አደረገበት።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወረቀቱን ተቀብለው፣ "እንዴ! በእጅም ይቻል ኖሯል?" አሉ።

"ጧት አይቻልም ነበር" አለ ሽባባው ፈጠን ብሎ። "ይቺን ግን ማሽኑ ጀምሯታል። እኔ ጨረስኳት እንጂ አልጀመርኳትም።"

 ቀጥሎ የተሰለፈ አንድ ረጅም ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ጌታው፣ የኔንም እኮ ሊጀምር ሲል ነው የጠፋው" አለ።

"የኔንም!" አለ ሌላው።

"የኔንማ ጀምሮት ነበር፣ ድምፁን ሰምቻለሁ!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ቄስ ይበልጣል ሳይቀሩ ሳቁ። ሽባባውም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "በሉ፣ ወረፋችሁን ያዙ" ብሎ ባዶ ወረቀት ከፕሪንተሩ መዝዞ መጻፍ ጀመረ። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ጻፈ፤ ሁሉም ይዞ ገባ።

እኔ ገመዶቼን እየጠቀለልኩ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ መናደዱም ደከመኝ። ያን ብዕር ጧት አውጥቶት ቢሆን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ረፋድ ላይ ጭነው ቤታቸው ገብተዋል፤ እኔም ከቤቴ አልወጣም ነበር።

ሽባባው በማግሥቱ ደውሎ ደቦው መዋሉን፣ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማሳም መዘራቱን ነገረኝ። በእጅ ስለተጻፈው እስካሁን የጠየቀው ሰው የለም። ኮምፒውተሩም በአንድ አንቲቫይረስ ደህና ይሠራል አለኝ። በሱ አልፈርድም፤ እኔም እንጀራዬን የምፈራ ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ተደውሎ "ቫይረስ ገባ" ሲሉኝ፣ ከመነሳቴ በፊት "ለዛሬ በእጅ አይቻልም?" ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን "ይቻላል" ያለኝ የለም። ቦርሳዬን አንስቼ መኪና ተራ እሄዳለሁ።