ርብ ወንዝ ዳር የቆመው ሰሌዳ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት እናቴ ልካኝ ነው። ከርብ ወንዝ አጠገብ፣ ከጎንደር መንገድ ዳር፣ በጠላት ጊዜ ለወደቁት አርበኞች የታሪክ ሰሌዳ ቆመ የሚል ወሬ ሰማች። አባቴ የሞተው እዚያው የወንዙ መሻገሪያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ በሆዷ ነበርሁ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደልም አልቆጠርሁም። ሄደህ ስሙን አንብብና መጥተህ ንገረኝ። ከዚያ ወዲያ ብሞትም አይቆጨኝ» አለችኝ።

በዚህ ዘመን ግን ሰው ብድግ ብሎ አይሄድም፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት አለበት። ጸሐፊው የጉዞዬን ምክንያት ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሣቀብኝ።

«ሰሌዳ ለማንበብ ብዬ ልጻፍ? ኬላ ላይ አንተንም እኔንም ያስጠይቀናል! ለቅሶ ልበለው።»

«ማን ሞተና?»

«የሚሞት መቼ ይጠፋል!» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጠዋት

አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ ሐሙሲት ሳይደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ወታደር የአንዲትን ሴት የጤፍ ከረጢት በሽቦ ወጋው፤ ምንም አላገኘበትም። ጤፉ አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ሴትዮዋ በነጠላዋ ትሰበስባለች፣ እሱ ወደሚቀጥለው ከረጢት አለፈ። ይቅርታ እንኳ የለም! ወረቀቴን አገላብጦ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። አሜን አልሁ፤ ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ በኋላ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ኑጉ አብቦ ቢጫ ለብሷል፣ ቀንዳሞቹ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ፣ በስተግራ ጣና አንዳንዴ ብልጭ ይላል። ወረታ ላይ ወርደን ሻይ በዳቦ ቀመስን። ባለ ሻይ ቤቱን፣ ሽበታም የከተማው ነጋዴ ናቸው፣ ስለ ሰሌዳው ጠየቅኋቸው።

«አንብቤዋለሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ከተጻፉት ግን አንዱንም በጀግንነት ሲያነሡት አልሰማሁ።»

ነገሩ አላማረኝም።

ቀትር

ከርብ ድልድይ አጠገብ ወረድሁ። ሰሌዳው ቀይ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ከላይ ኮከብ፣ ከሥሩ ስለ ሰፊው ሕዝብ ትግል ረጅም ንግግር፣ ከዚያ ታች ላይ አምስት ስም። አነበብሁ። ደገምሁ። ሠለስሁ። የአባቴ ስም የለም! ከአምስቱ አንዱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ እዚህ ሳለን በወባ ታሞ አልጋው ላይ የሞተ ጎረቤታችን ነው።

ዝቅ ብዬ መሠረቱን ሳይ የባሰ መጣ። የአገሩ ገበያተኛ ወንዙን ሲሻገር ከውኃው አንድ ድንጋይ አንሥቶ እነ አባቴ የወደቁበት ቦታ ላይ ያኖር ነበር። በልጅነቴ እኔም አኑሬያለሁ። ክምሩ ሰው ያህል ቁመት ነበረው። አሁን የለም፤ ፈልጠው ከሲሚንቶ ጋር ለሰሌዳው እግር አድርገውታል። በአባቴ ድንጋይ ላይ የአባቴ ስም የሌለበት ቆርቆሮ ቆሞበታል! በጫማዬ መታሁት፤ ያመመው እኔን ነው።

ከሰዓት በኋላ

የአባቴ ታናሽ ወንድም ቤታቸው ከዚያ ወደ ይፋግ ሲሉ ነው። ደጃፋቸው ላይ ቀንበር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አላደረስሁም።

«አጎቴ፣ የአባቴ ስም የት ሄደ?»

«ያላስጻፍሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

በዕድሜዬ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኽሁ። «ወንድምዎ አይደለም? አፈሩ አይታዘብዎትም?»

«ጨረስህ?» አሉኝ። «ሰዎቹ ፎርም ይዘው መጡ። የሟች ስም፣ ከጎኑ የልጅና የልጅ ልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚኖርበት። በዚያው ሳምንት ከገበያ ጎረምሳውን ለውትድርና ሲያፍሱ ሰንብተዋል። ይኼም ሌላ ወጥመድ ነው አልን። ተማከርንና ዘር የሌላቸውን ሙታን ሰጠናቸው።»

«ሐሰት?»

«ቁጥሩስ እውነት ነው። የወደቁት አምስት፣ የሰጠናቸውም አምስት። ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«እንግዲህ ፍረድ።»

አጠገባቸው ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥሁ። «ክምሩንስ ሲያፈርሱ እንዴት ዝም አላችሁ?» አልሁ።

መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ለመንናቸው። ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው አሉን» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔስ ስሙ ይታረም ብል ማን ይሰማኛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደግሞስ ይታረም ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጁን ስም አይደል?

በማግስቱ

ያው ወታደር ኬላው ላይ ነበር። «ቀበራችሁ?» አለኝ። «ቀበርን» አልሁት፤ አልዋሸሁም።

መንገዱን ሙሉ ለእናቴ የሚነገር ውሸት ሳበጅ መጣሁ። ገና እግሬ ደጃፉን ሲረግጥ «አነበብኸው?» አለችኝ። አልሆነልኝም፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኋት።

እስክጨርስ ሰማችኝና «ልጅህ የት ነው?» አለች።

«ትምህርት ቤት።»

«ሲመጣ ምሳውን ይብላ። የአባትህን ስም እኔ አውቀዋለሁ፤ ይበቃዋል።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ መልሴ ንዴት ነው። ሕያው እንዲተርፍ ሙታን የሚደበቁበት ዘመን ላይ ደረስን፤ ይኼ ያንገበግበኛል። በአጎቴ ላይ የጮኽሁት ደግሞ ይቆጨኛል። ይህን ማስታወሻ ስጽፍ የአባቴን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት። ልጄ በመጋቢት ወር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል።