በጉልቻ ኮረብታ ያልበላነው አሮስቶ

ወደ ኮረብታው እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የቲም መሪያችን ከጦርነቱ በፊት ሒሳብ ያስተምር ስለነበር ሁላችንም «መምህር» እንለው ነበር። ትእዛዙንም እንደ የቤት ሥራ ነገረን። «ሳይጨልም ላይ እንሆናለን። እዚያ ያሉትን እንተካለን። ውሃ ያዙ።» ዐሥራ አንድ ነበርን።

የኮረብታውን እውነተኛ ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም። አናቱ ላይ ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠው ስለነበር እኛ ጉልቻ አልነው። የተካናቸው ልጆች ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ከምሽጉ ሲወጡ ከእኛ አንዱ፣ ሓፍቶም፣ አያቸውና «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለ። ከሚወርዱት አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ለመሳቅም አቅም አልነበራቸውም።

ይህን የምጽፈው ለማህሌት ነው። ማህሌት የሓፍቶም የእኅቱ ልጅ ናት። አሁን ትንሽ ናት፤ ስታድግ ግን «አጎቴ እንዴት ነበር የሞተው?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ጀግንነት የሚያወራላት ሰው ሞልቷል። በተለይ ኮረብታውን ያላየ ሰው ብዙ ያወራል። እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገራት። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ እናቴ የወሎ ሰው ስለሆነች ብዕር ስይዝ የሚቀናኝ እሱ ነው።

እኔና ሓፍቶም የመቐለ ልጆች ነን። እሱ የዓይናለም ሰፈር ልጅ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። እኔ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው ያደግሁት፤ አንድ ሆቴል ውስጥ አብሳይ ነበርኩ። የምታወቅበት ምግብ ዶሮ አሮስቶ ነው። ምግብ ላይ ቀልድ አልወድም። ሽንኩርት ሲያር ካየሁ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል።

ጉልቻ ላይ የምንበላው ቆሎ ነበር፤ ሲደላን ደግሞ ኮቾሮ፣ ያ ጥርስ የሚሰብር የወታደር ብስኩት። አንድ ቀን ወደ ማታ ሓፍቶም ኮቾሮውን በሰደፍ እየሰበረ «ለምለም ሓፍተይ፣ እስቲ ያንን ዶሮሽን ሥሪልን» አለኝ። ለምለም ስሜ ነው፤ «ሓፍተይ» እኅቴ ማለቱ ነው።

«በምን ልሥራው?»

«በአፍሽ።»

ሠራሁላቸው። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጠብኩ፣ አደረቅሁ። ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ቀጥቅጬ ከቅቤ ጋር ለወስኩና ከቆዳው ሥር ጣቴን አስገብቼ ቀባሁት። ሆዱ ውስጥ ግማሽ ሎሚ ከተትኩ። ከሥሩ ድንችና ካሮት ደረደርኩ፣ የሚወርደውን ስብ እንዲጠጡት። ሳልቸኩል እያገላበጥኩ፣ መረቁን መልሼ እያፈሰስኩበት አበሰልኩ። ስጨርስ ምሽጉ ውስጥ የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ሁሉም ኮቾሮውን በእጁ እንደያዘ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሆነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሮስቶ እሠራለሁ። አንድ ምሽት ነፋሱ ከማዶ የነዚያን ወታደሮች ድምፅ ይዞ መጣ፤ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ እኔ ቶሎ ሰማሁት። እነሱም ስለ ምግብ ነበር የሚያወሩት። ለቲሙም ነገርኳቸው።

ጠቡ የመጣው አከፋፈሉ ላይ ነው። እኔ አሮስቶ አራት ወይም ስድስት ይሆናል ስል ሓፍቶም ተቆጣ። «ዐሥራ ሁለት ብልት ያልወጣው ዶሮ ዶሮ ነው እንዴ?» ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ሆነና ሁሉም ድርሻውን ያዘ። መምህር አንገቱን መረጠ። ሥጋ የለውም ብንለው «ለመብላት ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው» አለ። የሕክምና ልጃችን ትርሓስ ክንፍ አለች። ከውቅሮ የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ዶሮ ሁለት ቅልጥም እንዳለው ረስተው በቅልጥም ተጣሉ። ሓፍቶም ፈረሰኛውን፣ የአባወራውን ብልት፣ ለራሱ አደረገ።

«ማን ሾመህ?» አልኩት።

«የምናርደው የእኔን ዶሮ ነው፤ አራጁም እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነበር። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ ከእናቱና ከእኅቱ ጋር ነው ያደገው። በእኛ ዘንድ ሴት ቢላዋ ይዛ ዶሮ አታርድም። ወንድ የሌለበት ቤት ዶሮውን ይዞ ደጅ ይቆምና አላፊ ወንድ ይለምናል። ሓፍቶም ገና በልጅነቱ እናቱን ከዚያ ልመና አወጣት። ወደ ጦርነቱ ሲመጣ ገና ጫጩት የሆነ አውራ ዶሮ ትቶላት ነበር፤ «ስመለስ ለአቅመ እርድ ይደርሳል» ብሏት።

ዐሥራ አንድ ሰው፣ ዐሥራ ሁለት ብልት፤ አንድ መላላጫ ተረፈ። «እሱ የእናቴ ነው» አለ ሓፍቶም። «አንቺ ከኛ ቤት መጥተሽ ትሠሪዋለሽ። እናቴ ደግሞ ቀምሳ ምን እንደምትል ልንገርሽ? ‹ጥሩ ነው ጓለይ፤ በርበሬው የታል?›» ድምፁን እንደ እናቱ አድርጎ፣ «ጓለይ» የሚለውን፣ ልጄ ማለት ነው፣ እንደሷ ስቦ ነው ያለው። ሳቅን።

በማግስቱ ንጋት ላይ መድፉ ጀመረ። የመጀመሪያው ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊታችን። መምህር «መሐል ላይ ነን። ሦስተኛው የኛ ነው» አለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር።

አቧራው ሲረግብ መምህር አልነበረም። ከማዶ ያሉት ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ተኮስን። መለስናቸው። ረፋዱ ላይ እንደገና መጡ። እንደገና መለስናቸው። የውቅሮው ታናሽ ወንድም ብሬን መትረየሱ ላይ ተደፍቶ ቀረ፤ ታላቁ ገለል አደረገውና ቦታውን ያዘ። እኩለ ቀን ላይ የተረፍነው ስድስት ነበርን፤ ከስድስቱ ሁለቱ ቁስለኞች ነበሩ፣ ትርሓስ ፋሻ ጨርሳ የራሷን ነጠላ ትቀድ ነበር።

ሓፍቶም የሞተው ከሰዓት በኋላ ነው። ተኩሱ ጋብ ብሎ ነበር። ቁስለኞቹ «ማይ፣ ማይ» እያሉ ውሃ ይለምኑ ስለነበር ጀሪካኑን ሊያመጣ ከድንጋዩ ጀርባ ወጣ። እኛ ድሮን እንዳይኖር ሽቅብ ነበር የምናየው። የመጣው ግን ጥይት ነው፣ ከጎን። ስደርስ ጀሪካኑን እንደያዘ ነበር። ምንም አላለም። ሁለቱ ቁስለኞችም አመሻሹን አላለፉም። ሦስቱን ትልልቅ ድንጋዮች ምልክት አድርገን ሁሉንም መሐል ላይ ቀበርናቸው። ጉልቻን ለቀን የወረድነው እኔ፣ ትርሓስና የውቅሮው ታላቅ ወንድም ነን።

ጦርነቱ አለቀ። መርዶው ለአደይ ምሕረት፣ ለሓፍቶም እናት፣ እንደ ደንቡ በሽማግሌ ተነገራት። ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ። ግን ሬሳ ያላየች እናት ልቧ በግማሹ ነው የሚያለቅሰው። እኔም ቤቷ እየተመላለስኩ ልጅ ሆንኳት፤ ስለ ኮረብታው ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ምግብ በጠፋበት በዚያ በጨነቀው ጊዜ ዶሮዎቿ ሁሉ አለቁ፤ ያን አውራ ዶሮ ግን አልነካችውም። ልጇ ሓዳስ፣ የማህሌት እናት፣ ገበያ ልሂድና ሌላ ዶሮ ልግዛ ስትላት እንኳ «ወደይ፣ ልጄ፣ ሳይመጣ በዚህ ቤት ዶሮ አይታረድም» ትላታለች። አውራው አርጅቶ፣ ኩኩሉ ማለቱ እንኳ ሳል መስሎ፣ ግቢውን ይዞራል።

ዘንድሮ ማህሌት ታመመች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ምግብ ግን እምቢ አለች። እንቁላል፣ ወተት፣ ሾርባ፣ የቀረበላትን ሁሉ በእጇ ትገፋለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ካልበላች ሕመሙ ይመለስባታል» ስትል ሓዳስ ወደኔ ደወለች። እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ልጅቷ አልጋው ላይ ክንዷ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ተኝታለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ከጉልቻ ወዲህ ለማንም ያልሠራሁትን በአፌ ሠራሁላት፦ ሎሚው፣ ጨዉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከቆዳው ሥር የሚገባው ቅቤ። ድንቹ ስቡን ሲጠጣ። መረቁን መልሼ እያፈሰስኩ ጨረስኩ።

ማህሌት ዓይኗን ከፍታ «መቼ ነው የሚበላው?» አለች።

ቀና ስል አደይ ምሕረት በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ግቢ ወጣች። ትንሽ ቆይታ በአንድ እጇ ያን ሽማግሌ አውራ ዶሮ፣ በሌላው ቢላዋ ይዛ ተመለሰችና በዓይኗ ወደ ግቢው ጠራችኝ።

ሓዳስ ደነገጠች። «እማ፣ ከመንገድ ሰው ልጥራ?»

«አይሆንም። የወደይ ቢላዋ በእንግዳ እጅ አይገባም።» ወደኔ ዘረጋችልኝ። «አንቺ እረጂው።»

«አደይ፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ።»

«ኮረብታው ላይ ሴት ነሽ ብሎ የመለሰሽ ነበር?»

ቢላዋውን ተቀበልኩ። እሷ ክንፉንና እግሩን ያዘች። ልክ በዚያ ሰዓት ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። ሁለታችንም ጎንበስ አልን። ድምፁ እስኪርቅ ዶሮውን ይዘን ጠበቅን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዞርነው፤ አደይ ምሕረት «በስመ አብ» አለች። አረድኩት። እሷ ግን አልለቀቀችም፤ ዶሮው ጸጥ ካለ በኋላም ይዛው ቆየች። «እንግዲህ አይመጣም» አለች፣ ለራሷ። ያን ጊዜ ነው ሙሉውን ያለቀሰችው።

ኮረብታው ላይ የምሠራው ዶሮ ሁልጊዜ ለጋ ነበር፤ በአፍ እስከሆነ ድረስ ማን አርጅቶ የደደረ ዶሮ ይመርጣል? ይህኛው ግን ሽማግሌ ስለሆነ በደረቁ ቢጠበስ ቆዳ ይሆናል። መጀመሪያ በሽንኩርት ውሃ በቀስታ ቀቀልኩት፤ ከመረቁም ማህሌት አንድ ስኒ ጠጣች። ከዚያ ቅቤውን ቀብቼ፣ ድንቹን ከሥሩ አድርጌ ብረት ድስት ውስጥ ከተትኩትና እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አደረግሁበት። ሽታው ሲወጣ ሓዳስ ልጇን ተሸክማ ወደ ጓዳው በር አመጣቻት። ራሷ ናት «ልይ» ያለችው።

ሙሉውን ትሪ ላይ አውጥቼ ሳቀርብ አደይ ምሕረት አየችውና ቢላዋ ጠየቀች። ልክ እንደ ልጇ ዐሥራ ሁለት አደረገችው። እጇ ላይ አንገቱን እንደያዘች «ይኼን ማን ነበር ያለው?» አለችኝ።

ስለ አከፋፈላችን አንድ ጊዜ ለሓዳስ ነግሬያት ነበር፤ እናቷ መስማቷን አላወቅሁም።

«መምህር» አልኩ።

አንገቱን ከዳቦ ጋር ሳህን ላይ አደረገች። «ነፍሱን ይማር። ቀጥሎስ?» የውቅሮውን ታናሽ ጠራሁ፣ ቅልጥሙን አነሣችለት። የሞቱትን አንድ በአንድ ጠራሁ፣ አንድ በአንድ አነሣች። ሰባት ሳህን ሆነ። ሓዳስ ልጅ ወደሞተባቸው ጎረቤቶች ይዛ ወጣች፤ በዚያ መንገድ ሰባት ቤት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ስምንተኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ አደይ ምሕረት ማህሌት ፊት አኖረችው። «ብዪ ጓለይ፣ የአጎትሽ ነው።» በላች። ቀስ ብላ፣ ግን በላች።

«ምን አለ?» አለችኝ አደይ ምሕረት ልጅቷን እያየች። «መጨረሻ ላይ ወደይ ምን አለ?»

«ምንም አላለም፣ አደይ። ጊዜ አላገኘም። ከዚያ በፊት ግን መላላጫውን ለአንቺ ብሎ ነበር።»

መላላጫውን አነሣችና ቀመሰች። ረጅም ጊዜ አኘከች። «ጥሩ ነው ጓለይ» አለች። «በርበሬው የታል?»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። መምህርን ስናጣ፣ ድንጋይ ስንከምር ያልወጣ እንባ ወጣ። አደይ ምሕረት ደንግጣ «ዋይ! ከፋሽ እንዴ? ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ጥሩ ነው እኮ!» ስትል እየተንሰቀሰቅሁ ነገርኳት፤ ሓፍቶም በእሷ ድምፅ እንዴት እንዳለው፣ ሁላችንም እንዴት እንደሳቅን። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«ያውቀኝ ነበር» አለች። «ወደይ ያውቀኝ ነበር።»

ማህሌት፣ ጉልቻ ላይ ስምንት ሰው ሞቶብናል፤ አንዱ አጎትሽ ነው። ኮረብታውን ከያዝን በኋላ ምን እንዳተረፍንበት ዛሬም የነገረኝ የለም፤ ከዚያ ውጊያ በማግስቱ ለቀነው ወረድን። ከማዶ የሞቱትን ቁጥር አላውቅም፤ እነሱም እናት አላቸው። አጎትሽ ጀግና ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ እንዲህ ነው የምልሽ፦ ለተጠማ ሰው ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ ሞተ፤ እናቱ ዶሮውን ቀምሳ የምትለውንም ያውቅ ነበር። በርበሬውን ግን አላደርግበትም።