ክኒኑን የዋጠችው ሴት

እኔ ስም አውቅ ነበር፣ እሱ ፊት ያውቅ ነበር። ጉዳችን የመጣው ከዚህ ነው።

በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። የክሊኒኩ ጤና ረዳት አንድ ቀን መጣና፣ «አቦ፣ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞቼ ሁለት ወር ክኒን ውጠው ሻል ሲላቸው ይጠፉብኛል። አንቺ ጋ ግን አንድም ሰው አይቀርም» አለኝ። እንዴት ብሎ ይቀራል! የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ተስማማን፣ በሽተኞቹን በትምህርት መዝገቤ አስገባኋቸው። እሱ በየሳምንቱ ክኒኑን ቤቴ ያመጣልኛል፣ እኔ ስም እየጠራሁ ዓይኔ እያየ አስውጣለሁ፣ የዋጠ ካርዱ ላይ ስሙን ይጽፋል። በብልሃታችን እኛው ተደንቀን ነበር።

ከበሽተኞቹ አንዷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች። አፋችሁን ሸፍኑ ተብለው ስለነበር ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ስጠራት «አቤት» ትላለች፣ ትውጣለች፣ ስሟን ትጽፋለች። የሌሎቹ ሳል አዳራሹን ሲንጠው እሷ አንድ ቀን እንኳ ስታስል አልሰማሁም። አንዳንዴ ቀና ስል ዓይኗ እኔ ላይ ተተክሎ አገኘዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር።

በአራተኛው ወር፣ «እንኳን እግዜር ማረሽ! ድነሻል እኮ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ሞኟ፣ የደስታ መሰለኝ።

ለጤና ረዳቱ በኩራት ነገርኩት። እሱም ሊያያት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ላይ መጣ። ስሟን ጠራሁ፣ «አቤት» ብላ ተነሣች። ነጠላዋን ዝቅ እንድታደርግ ጠየቃት። ትክ ብሎ አያትና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይቺን ሴትዮ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም» አለ።

በዚያ ሁሉ ሙቀት በረደኝ። አራት ወር ሙሉ «አቤት» ስትለኝ የኖረችው ታዲያ ማን ናት?

ሴትየዋ እግሩ ላይ ወደቀች። «እህቷ ነኝ። በማርያም ይዤዎታለሁ ሐኪም፣ ቀበሌ እንዳይሰሙብን! እሷ ገና ከመጀመሪያው መነሣት አቃታት። ስሟ ሲጠራ ከጠፋች ስኳሩ ይቀርብናል ብዬ መጣሁ። መምህርቷ ዋጪ ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል? ዋጥኩ።»

እኔ አንድ ቀን ቤቷ ብሄድ፣ ወይ እሱ አንድ ቀን አዳራሹ ብቅ ቢል ምን ነበረበት! ሁለታችንም ካርዱን አምነን ተቀመጥን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ አቋርጠን እህትየዋን ተከትለን ሄድን። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። መደቡ ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ሥር ሰው ያለበት አይመስልም ነበር። በሽተኛዋ ፊቷን ወደ እኔ መለሰችና ፈገግ አለች። አይታኝ አታውቅም፣ ግን እህቷ ከትምህርት ስትመለስ ስለ እኔ ታወራላት ኖሯል። ጤና ረዳቱ ክኒኑን በመዳፉ ይዞ ጎንበስ አለላት። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«መምህርት» አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየወጣ፣ «ድናለች ብለዋል ብላ እህቴ ነግራኛለች። ታዲያ መቼ ነው የምነሣው?»

«ነገ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን ራሴ ይዤ ስደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር።