አባቴ ገቢውን የነገረኝ ቀን

መርካቶ ውስጥ ነጋዴን «ስንት ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «ገበያ እንዴት ነው?» ይባላል፤ መልሱም ያው «አልሐምዱሊላህ» ነው። ሱቁ በደንበኛ ጢም ቢል፣ ባለቤቱ ዝንብ ሲያባርር ቢውል፣ አልሐምዱሊላህ። ጭድ ተራ ጆንያ የሚሸጠው አባቴ ደግሞ በዚህ ማንም አይደርስበትም ነበር። ለግብር ገማች ቀርቶ ለእናቴም ገቢውን ተናግሮ አያውቅም።

እኔ ታዲያ አሜሪካ ካልተማርኩ ብዬ ተነሳሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ውጤቴ ጥሩ ነው፣ አፌም አያርፍም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንዱ ገጽ እስኪከፈት ጥፍሬን እየበላሁ፣ ጎበዝ ጎበዙን መርጠው ለሚወስዱ ኮሌጆች አመለከትኩ። መቀበላቸው ብቻ ግን ምንም አይፈይድልኝም። እነሱ ካልከፈሉልኝ እኛ ቤት የአውሮፕላን ቲኬቱም ህልም ነው። እርዳታ ለመስጠት ደግሞ የአባቴን ዓመታዊ ገቢና የባንክ ማስረጃ ጠየቁ።

«አባዬ፣ በዓመት ስንት ታገኛለህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እና አልሐምዱሊላህ ብዬ ልጻፍላቸው?»

«ምን አለበት? ጻፊላቸው!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጨቀጨቅኩት፣ አኮረፍኩት፣ ራት አልበላም አልኩ። በመጨረሻ «በቃ፣ የባንኩን ነገር ለኔ ተይው። አድራሻቸውን ብቻ ስጪኝ፣ እኔው በፖስታ እልከዋለሁ» አለኝ። እኔም አቅም እንደሌለን ዘርዝሬ ጻፍኩና የገቢውን ቦታ ክፍት ተውኩት፤ ከባንክ ማስረጃው ያዩታል ብዬ።

ከወራት በኋላ እዚያው ኢንተርኔት ቤት በኢሜል መልስ መጣ። አንዱ ኮሌጅ ተቀብሎኛል! እልል ልል አፌን ስከፍት ቀጣዩ መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ቤተሰብሽ የመክፈል አቅም ስላለው እርዳታ አንሰጥም ይላል። አቅም? የኛ ቤት? ድልድዩን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም፣ ብቻ አባቴ ሱቅ በር ላይ ደረስኩ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የላክህላቸው?»

አባቴ ጆንያ ክምሩ ላይ እንደተቀመጠ ጎረቤቱን ገመድ ነጋዴውን ሐጂን አየ። የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር፣ ነጋዴው ያለውን ያዋጣና ሰውዬው ሂሳብ ውስጥ ያስገባለታል። ባንኩ ማስረጃውን ይጽፋል፤ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ይወስዳል። የጭድ ተራ ነጋዴ በሙሉ ለኔም በአባቴ ሂሳብ እንደዚያው አድርጎልኝ ኖሯል።

«የደሃ ልጅ ናት ብለው እንዳይንቁሽ ብለን ነው እንጂ» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ቀዝቅዞ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ደሃ ነኝ ብዬ ነው የለመንኳቸው!»

በሐጂ ላይ ጮህኩ፣ እኔ! ወይ ጉዴ። ተናድጃለሁ፣ ግን በማን ልናደድ? ያ ሁሉ ሰው ለኔ ብሎ ሥራ ማስኬጃውን ነው ያወጣው።

አባቴ በሞቀ ገበያ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔም ለኮሌጁ እውነቱን በሙሉ መጻፍ ጀመርኩ። ገቢው ጋ ስደርስ እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ጠበቅኩት። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ ነገረኝ።

«አባዬ፣ የወሩን አይደለም እኮ፣ የዓመቱን ነው።»

«የዓመቱ ነው» አለኝ።

ያንን ብቻ እያገኘ ነው የእንግሊዝኛ ኮርስ ያስተማረኝ፤ ያንን ብቻ እያገኘ ነው የመግቢያ ፈተናውን በዶላር የከፈለልኝ፣ ዒድ በመጣ ቁጥር አዲስ ልብስ የሚያለብሰኝ። ቁጥሩን ጻፍኩት። እሱ በሩን በሩን ያያል።

የኮሌጁ መልስ ጨዋ ነበር፤ እናዝናለን፣ የዘንድሮው እርዳታ ተከፋፍሎ አልቋል። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገብኩ።

ያ የኮሌጁ መልስ የመጣ ዕለት ማታ ግን እናቴ ጓዳ ውስጥ ጠብቃ ክንዴን ያዘችኝ። ባሏ ለልጇ ገቢውን መናገሩን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም።

«አንቺ፣ ስንት አለሽ? ንገሪኝ እንጂ፣ ሚስቱ እኮ ነኝ!»

ሳሎን ዜና የሚሰማው አባቴ ሬዲዮኑን ዝቅ ሲያደርገው ተሰማኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት።