ከአሜን በኋላ የመጣው ዝምታ

ባለፈው እሑድ የብሎካችን ነዋሪዎች ስለ ውኃ ታንከሩ ልንነጋገር ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ሰብሳቢያችን ባንክ የሚሠራ ትሁት ልጅ ነው። «አስተያየት ያለው?» ብሎ ጠየቀና ምራቁን እንኳ ሳይውጥ «ከሌለ እንለፍ» አለ። አለፍን። ከዚያ ደረጃው ላይ ሁለት ሦስት እየሆንን ስብሰባው ውስጥ መባል የነበረበትን ሁሉ አልነው። ልጁን ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን ሲጠይቅ ፊቱን አይቼዋለሁ። ሰው ዝም ይለኛል ብሎ ፈርቷል፤ ሰው ይናገራል ብሎም ፈርቷል። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ፣ ሽሮ ሜዳ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ልክ እንደዚያ ሆኜ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ስልክ ጠርቶ ሳላነሣው ሲዘጋ እፈራለሁ። እናቴ «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እኔ ምን ከፋኝ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እንደ እኔ ያለች ፈሪ የተጣላ ሰው ማወያየት ውስጥ ምን አስገባት ትሉ ይሆናል። ሥራ አጥቼ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጉለሌ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሰው የሚያወያይ ትንሽ ድርጅት ነበር፤ ሦስት ጠረጴዛና አንድ የተበላሸ ኮምፒውተር ያለው። እዚያ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ ኖረው በስተርጅና ዝምታን የተማሩ ሰው። የሚያካሂዱት ስብሰባ ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ነው። መድረክ የለም፣ አጀንዳ የለም። ወንበር በክብ ይደረደራል፤ አንዱ ግድግዳ ባዶውን ይተዋል። የሚያንገበግበው ጉዳይ ያለው ሰው ተነሥቶ በራሱ ቃል ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ለሁሉም ያነባል፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ጉዳዩ የሚመለከተው ወደዚያ ጥግ ይሄዳል፤ የሰለቸው ተነሥቶ ወደ ሌላው ያልፋል። አወያዩ ይህን ካስረዳ በኋላ ሥራው አበቃ። ጋሽ ወርቅነህ «የእኛ ሥራ ወንበር መደርደርና አፍን መያዝ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ሣራ ወንበሩን በደንብ ትደረድራለች» ይሉና ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ ካለ አንድ የሽመና ቤት ጥሪ መጣልን። አሥራ ሁለት ሸማኔዎች ጎን ለጎን፣ እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተው የሚሠሩበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ጴጥሮስ የሚባል ወጣት ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ድሩን ወጥሮ፣ ሥራውን አጋምሶ፣ ምሳ ሊበላ ወጣ። ሲመለስ ድሩ ከዳር እስከ ዳር በምላጭ ተቆርጧል። ምላጩም እዚያው ወድቋል። «ከዚህስ እሱኑ ቢመቱት ይሻል ነበር» ሲሉ ሰምቻለሁ። የሳምንታት ልፋት ነው፤ የሰርጉም ቀን ተቆርጧል። ሸማኔዎቹ ከዋጋ ጋር በተያያዘ የተኳረፏቸውን ባለሱቆች ጠረጠሩ፤ ባለሱቆቹ ደግሞ «የራሳችሁ ሰው ነው» አሉ። ጴጥሮስ ምላጩን በወረቀት ጠቅልሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና «ያደረገውን ሳገኝ እጁን በዚሁ እተለትለዋለሁ» ብሎ ማለ። የሚቀልድ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ኪሱን ዳሰስ አድርጎ ነው ሥራ የሚጀምረው አሉ።

«ይህን አንቺ ታወያያለሽ» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ።

«እኔ? ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ገና...»

«ከጎንሽ እቀመጣለሁ።»

«ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ?»

«እቀመጣለኋ!»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። አካሄዱን አስረድቼ ስጨርስ የሚመጣውን ዝምታ ስለፈራሁ፣ ለጋሽ ወርቅነህ ትንፍሽ ሳልል፣ በዋዜማው የሰፈሩ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ከሸማኔውም ከባለሱቁም ሰርግና ለቅሶ የማይጠፉ፣ ነገር በማብረድ የታወቁ ሰው ናቸው። «ስብሰባውን በምርቃት ይክፈቱልን» ብዬ ለመንኳቸው። ምርቃት ምን ክፋት አለው? ሽማግሌ ከመረቀ ደግሞ ማን ምላጭ ያወጣል? በራሴ ብልሃት ኮርቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጋሽ ወርቅነህ ጋር በታክሲ ሽሮ ሜዳ ደረስን። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ፊት ይጋረፋል። ሱቆቹ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ጋቢና ነጠላ ይወዛወዛል። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ ጥለት ሳማርጥ እውል ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ነጩ ሁሉ ከፈን መሰለኝ። ጋሽ ወርቅነህ ሻይ ቤት አስገብተው ቦምቦሊኖ ገዙልኝ። ትኩስ ነበር፤ ስኳሩ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፣ አንድ ጊዜ ገምጬ አስቀመጥኩት።

አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ተቀመጠ። ጴጥሮስ በሩ አጠገብ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ሸሚዙ ኪስ ላይ የወረቀቱ ጫፍ ይታያል። የስብሰባውን አካሄድ እንደምንም አስረድቼ ሽማግሌውን ጋበዝኩ። ጋሽ ወርቅነህ ቀና ብለው አዩኝ።

ሽማግሌው ተነሡ። «ልጆቼ፣ ጤና ይስጣችሁ።»

«አሜን!»

«ገበያችሁን ያድራላችሁ። ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ።»

«አሜን!»

ከዚህ በኋላ ምርቃቱ መንገዱን ለወጠ። «የተበደለ ይቅር ይበል። ያለፈው አልፏል፤ ነገሩን አፈር ያልብሰው።»

«አሜን!»

«ከእንግዲህ ይህን ነገር የምታነሣ ምላስ ትታሰር።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

ስብሰባው ሳይጀመር አለቀ። ሽማግሌው ፈረዱ፣ ሕዝቡ አጸደቀ። በእኛ ዘንድ አሜን ከተባለ በኋላ ተነሥቶ «እኔ ግን» የሚል ማን አለ? ሽማግሌን ማዋረድ ነው፤ ምርቃትን መመለስ ነው። አንዳንዱ ጋቢውን እያስተካከለ መነሣት ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ደም ሳይፈስ ቤቴ ልገባ ነው አልኩ። ያኔ ዓይኔ ጴጥሮስ ላይ አረፈ። አሜን ሲባል አፉ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌውንም አያይም ነበር። የሰዎቹን እጅ ነበር የሚያየው፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው። ከዚህ አዳራሽ ሲወጣ ጥያቄውን የሚጠይቅበት ሌላ ቦታ እንደማይኖረውና በራሱ መንገድ እንደሚጠይቅ ገባኝ።

«ምን ላድርግ?» አልኳቸው ጋሽ ወርቅነህን በሹክሹክታ።

መሬት መሬት እያዩ «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ስብሰባው አልቋል ሳልል ቁጭ አልኩ። እኔ ስቀመጥ የተነሡት ግራ ገብቷቸው አንድ በአንድ ተቀመጡ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ አላየሁም። ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ ከአስፋልቱ ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል፤ ሮጬ ወጥቼ እዚያ ታክሲ ውስጥ መግባት አማረኝ። አምስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ አምስት ጊዜ ዘጋሁት። እጄ መንቀጥቀጡ እንዳይታይ ጭኔ ሥር ከተትኩት።

ከሸማኔዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ዋዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳይነሡ፣ ቀስ ብለው፣ «ያልነው አሜን ለምርቃቱ ነው» አሉ። «ምርቃት ደግ ነው፤ ተቀብለናል። ለነገሩ ግን ገና አሜን አላልንም። ነገሩን መች ሰማነውና?» ወደ ሽማግሌው ዞር ብለው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ወንድሜ። በእኛ አገር፣ በጋሞ፣ ዱቡሻ የምንለው ሸንጎ አለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ሳያወጣ አይነሣም። የተደበቀ ነገር ቤት ገብቶ ልጅ ያሳምማል እንላለን።»

ሽማግሌው «ተናገሩ እንጂ! ማን ከለከላችሁ?» አሉ፤ ምላስ ሲያስሩ የነበሩት ሌላ ሰው ይመስል።

ጴጥሮስ ተነሣ። ክቡን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። «ጽሕፈት አልሆንልህ ይለኛል፤ አንቺ ጻፊልኝ» አለ። «ድሬን የቆረጠው ማነው? በዪ።»

የማርከሩ ክዳን አልከፈት አለኝ። ይህን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምላጩን ከኪሱ አውጣ ማለት መሰለኝ። ድምፄን ለስለስ አድርጌ «ጴጥሮስ፣ በመካከላችን ስላለው ሰላም ብንለው አይሻልም?» አልኩት።

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ትከሻው ወረደ። «እንዳልሽ» አለ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ።» እጁም ወደ ኪሱ ሄደ።

በዚያ ቀን ከፈራሁት ሁሉ ይህን «እንዳልሽ» የፈራሁትን ያህል የፈራሁት የለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ስለ ሰ» ብዬ የጀመርኩትን ወረቀት ቀደድኩና በአዲስ ወረቀት ላይ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት፤ ለሁሉም አነበብኩት። ለጠፈው። መስኮቱ ሥር ያለውን ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ከእሱ በኋላ ሌሎች ተነሡ። ሸምሱ የሚባል ባለሱቅ «የማሽን ነጠላ ገበያችንን ገደለው» ብሎ ለጠፈ። አንዱ «ጣራው ያፈሳል» ብሎ አሳቀን። ሰዉ ወደየጥጉ ተበተነ። ወደ ጴጥሮስ ጥግ የሄደ ግን አልነበረም። ባዶ ወንበሮች ከበውት ብቻውን ቁጭ አለ። ሄጄ አብሬው ልቀመጥ ብድግ ስል ጋሽ ወርቅነህ «ተይ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጨረሻ ጣራው ያፈሳል ከሚሉት መካከል ዳንኤል ተነሣ። የእሱ ጉድጓድ ከጴጥሮስ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ዳጣና ቆጮ አብረው የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሊያጽናናው ነው ብዬ እፎይ አልኩ። አንድ ወንበር በመሐላቸው ትቶ ተቀመጠና መሬት እያየ ተናገረ። እኔ ግድግዳው ሥር ስለነበርኩ ሰማሁት።

«እኔ ነኝ፣ ጴጥሮስ። የሙሽራዋ እናት የእኔ ደንበኛ ነበረች። ለአንተ ስትሰጥህ... በቃ እኔ ነኝ።»

ጴጥሮስ ቆመ። እጁ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ምላጩን የጠቀለለበትን ወረቀት ይዞ ወጣ። ከእኔና ከጋሽ ወርቅነህ በቀር ያየ የለም፤ ሌላው ስለ ጣራው ይጮኻል። ልነሣ ስል ጋሽ ወርቅነህ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«እጅህን አሳየኝ» አለው ጴጥሮስ።

ዳንኤል ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። አልሰበሰባቸውም። ጴጥሮስ መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ ክር የበላውን የአውራ ጣቱን ጠርዝ አየ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም። ከዚያ ወረቀቱን በመሐላቸው ባለው ወንበር ላይ ጣለው።

«በዚህ እጅህ ትቀጥለዋለህ» አለው። «እያንዳንዱን ክር።»

እንባዬ ሳላውቀው ወረደ። ኋላ ዳንኤል በሁሉም ፊት ቆሞ ተናዘዘ፤ ሽማግሌው እንደገና መረቁ። የጴጥሮስ አሜን ከሁሉም ዘግይታ መጣች።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጋሽ ወርቅነህን ተቆጣሁ። «ቢተለትለውስ ኖሮ?»

«እኔንጃ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ያዙኝ?»

«እሱን ለመያዝ አቅሙ የለኝም። አንቺን ግን እችል ነበር» አሉና የሱቅ ደረጃ ላይ ዘፍ አሉ። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ያን ጊዜ ብቻ ነው እሳቸውም እንደ እኔ ሲፈሩ እንደዋሉ ያወቅሁት። «ሽማግሌውን የጠራሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «እኔ በመጀመሪያ ቀኔ ቄስም ሼኽም ጠርቼ ነበር» ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ ወደ ሽመና ቤቱ ጎራ አልኩ። ዳንኤል የጴጥሮስ ድር ላይ አጎንብሶ የተቆረጠውን ክር አንድ በአንድ ይቋጥራል። ጴጥሮስ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። አይነጋገሩም። ዳንኤል ሲሳሳት ክሩን ከእጁ ነጥቆ ራሱ ይቋጥረዋል። ቀሚሱ ለሰርጉ ደርሷል ተብያለሁ።

ጋሽ ወርቅነህም አባባ ዋዳም ዛሬ የሉም። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክብ ወንበር ደርድሬያለሁ፤ ብዙ ጊዜም አፌን መያዝ አቅቶኛል። ወጣቶች ፍርሃቱ መቼ ነው የሚለቀው ብለው ይጠይቁኛል። እኔን አልለቀቀኝም። ምላጩ ግን አይደለም አሁን የሚያስፈራኝ። ያ «እንዳልሽ» ነው። ተቀብዬው ቢሆን ኖሮ ዳንኤል ስለ ጣራው ሲያወራ ይውል ነበር፤ ጴጥሮስም ኪሱን እየዳሰሰ በዚያ በር ይወጣ ነበር። እኔም ቢሮ ተመልሼ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ስብሰባው በሰላም ተጠናቋል ብዬ ሪፖርት እጽፍ ነበር።