ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ፈትለወርቅ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አትወድም። ከዱባይ ብዙ በማትርቀው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር፣ ሦስት ሴቶች በምንጋራት ክፍል ውስጥ ከቴርሞሱ እስከ ሩዝ ማብሰያው ዳንቴል ያልለበሰ አልነበረም። ማዳሟ ኮሮናን ፈርታ ካሰናበተቻት ወዲህ ደግሞ ኪሮሹ ከእጇ አልወርድ አለ። ተኝተን ካገኘችን እኛንም ታለብሰናለች እያልን እናሾፍባት ነበር።

የምናመልክበት የኪራይ አዳራሽ ሲዘጋ ጉባኤው የዓርቡን አምልኮ በኢንተርኔት ለማስተላለፍ ኮምፒውተር ገዛና እኛ ክፍል አስቀመጠ። ሻርጃ ካለ ሱቅ ተገጣጥሞ የመጣ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «እስከ 4.8 ጊጋኸርዝ» ይላል። ፈትለወርቅ ስክሪኑ ላይ ያየችው ግን 2.9 ነበር። ሱቁ ሸውዶናል፣ ኸላስ፣ ይመለስ ብላ ታምራትን በስልክ ጠመደችው። ታምራት የጉባኤው ቴክኒሻን ነው፤ የሚኖርበት የሶናፑር የሠራተኞች ካምፕ ተዘግቶበት ስለነበር ሁሉን የሚያዘን በስልክ ነው።

ማንም አልሸወደሽም አላት። 2.9 ቀኑን ሙሉ ሊሠራበት የሚችለው ፍጥነት ነው፤ 4.8 ሥራ ሲመጣበት ለአጭር ጊዜ፣ ያውም ካልሞቀ፣ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ቱርቦ ይሉታል። አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ እስከ ዱባይ ግን በሩጫ አይሄድም። በጣም ከጋለ ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ከ2.9ም በታች ይወርዳል። ፈትለወርቅ ይህን ሰምታ የኮምፒውተሩን ሳጥን ኤሲው ሥር አስጠጋችው። አቧራ እንዳይገባበት ብላም ገበር ያለው ወፍራም ዳንቴል ሠርታ እስከ ግርጌው አለበሰችው። ለታምራት የነገረው የለም።

ከዚያ ዓይናለም ሞተች፤ ሦስተኛዋ የክፍላችን ልጅ። አምቡላንሱ ሳይደርስ፣ ራሷን ፈትለወርቅ ጭን ላይ አድርጋ፣ ፈትለወርቅ እጇን ይዛ እየዘመረችላት ነው ያለፈችው። ቀብሯ ላይ እንድንገኝ አልተፈቀደልንም። ሆሳዕና ከተማ ያሉት እናቷ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ስትሞት ሰው አጠገቧ ነበር ወይ? ፈትለወርቅ ይህን በስልክ መናገር ከበዳት። በመታሰቢያው ጸሎት ላይ ፊቴን እያዩ ልንገራቸው አለች።

ዓርብ ከሰዓት ጀመርን። ስልኮቻችንን ለጸሎቱ ብለን ድምፅ አጥፍተናል። መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ሰላምታው፣ ማስታወቂያው፣ መዝሙሩ በደህና አለፈ። ፈትለወርቅ ካሜራው ፊት ስትቀመጥ ሳጥኑ ያጉረመርም ነበር፣ ግን ማን ልብ ብሎት። ሁሉንም ተናገረች። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ስልኬን ሳነሳ ታምራት አሥራ አራት ጊዜ ደውሏል። ፈትለወርቅ ገና መናገር ስትጀምር ሥዕሉም ድምፁም ቆሟል አለኝ። ሳጥኑን ስነካው እጄን ለበለበኝ። ዳንቴሉን ገፍፌ የሆነውን ስነግረው፣ አየር አጥቶ ስለጋለ ፍጥነቱ ወርዶ ነው የቆመው አለ፤ እናቱ ቤት ቴሌቪዥኑ እንኳ ልብስ እንደነበረውና መጠየቅ እንደነበረበት ነገረኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። በእሷም፣ በዳንቴሏም፣ ከማሾፍ በቀር አንድ ቁም ነገር ባልነገርኳት በራሴም።

ፈትለወርቅ ወዲያው ሆሳዕና ደወለች። እናትየው አልተቆጡም። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ማየቱን በእርጋታ ነገሯት።

«እማማ፣ ኮምፒውተሩ ነው የቆመው» አለች። «ብቻዋን አልነበረችም። እኔ ጭን ላይ ነበረች፣ እጇን ይዤ።»

«ተይው ልጄ። ‹ዓይናለም ስትሞት› ብለሽ አፍሽ ተከፍቶ ሲቀር አይቻለሁ። መዋሸት አቅቶሽ ነው። አሁን ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።»

ፈትለወርቅ ዳንቴሉን በእጇ ጨብጣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቱርቦው፣ ስለ 2.9 ታስረዳቸው ጀመር። እናትየው እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያ እግዚአብሔር ይስጥሽ ብለው ስልኩን ዘጉት።